ስለ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሰው ዕረፍት

እግዚአብሔር አምላክ አዳምን ከፈጠረው በኋላ ያኖረው በገነት ነበረ፤ ሥራውም ገነቲቱን ማበጀትና መጠበቅ ነበረ። ሥጋችን ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ መሆኑንም ሊቃውንት ያስተምሩናል። ስለዚህ ከጧት እስከ ማታ በግድግዳ መካከል የሚውል ሰው መንፈሱ ቢታወክ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከዘመዶቹ ተለይቶ ይኖራልና።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ከጥንት ጀምራ ዐውቃ ይዛዋለች። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ወራት ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማ፣ ምድር በአበባ ስትሸለም የእመቤታችንን ስደት ታስባለች። በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዝ ውሃና ስለ ምድር ፍሬ ትጸልያለች። ሕንፃዋንም በጽድ፣ በወይራና በዝግባ ከብባ ኖራለች። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ዐጸድ በመረመሩ ጊዜ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለው አገር ግን አብዛኛው እርሻና ግጦሽ ሆኗል።

ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1976 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በፔንሲልቫንያ በሚገኝ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አመሳክረው ነበር። የእኩሌቶቹ መስኮት ዛፎችን፣ የእኩሌቶቹ የጡብ ግንብ ያሳይ ነበረ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም የወሰዱት በጥቂቱ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነውና ከልክ በላይ አናክብደው፤ ሆኖም ጠበል የጠጡ ሕሙማን በወይራ ጥላ ሥር ሲያርፉ ላየ ካህን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በማውቀው አንድ ደብር፣ ስሙን ልተወውና፣ ግቢው ይጸዳል ተብሎ ጽዶቹ ተቈርጠው በሲሚንቶ ተነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ በጥላው ይቀመጡ የነበሩ ባልቴቶች ፀሐዩን ስለማይችሉት ወዲያው ይበተናሉ። የማን ጎረቤት እንደ ታመመ፣ የማን ልጅ እንደ ጠፋ ይሰማ የነበረው ግን በዚያ ጥላ ሥር ነበረ። ዛሬ የንስሐ አባቱ የልጃቸውን መታመም የሚሰሙት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ለፍትሐት ሲጠሩ።

እንግዲህ የከተማ ሰው ቢቻለው ወደ ቅዳሴ በእግሩ ይምጣ። ከስንብት በኋላም ወደ ገበያ ሳይቸኩል በዐጸዱ ውስጥ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ ይዙር፤ ወፎቹን ያድምጥ። ግቢ የሌለው በጣሳም ቢሆን ጤና አዳም ይትከል። እናንተ ካህናት አባቶች ደግሞ በክረምት ችግኝ ከማስተከላችሁ በፊት የድንጋዩን ካብ አስክቡ፤ ከብት በሚገባበት ዐጸድ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው የሚበቅለው ቡቃያ ሁሉ ይበላል፣ ይረገጣልም።