ደመወዝዎም ግድግዳዎም ያለ ፈቃድዎ ለምርጫ አይውሉም

የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ለጠበቃ የሚቀርበው ጥያቄ የዕለት ኑሮን የሚነካ ነው። ከደመወዝ ላይ ስለተቆረጠ መዋጮ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ በሱቁ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ፖስተር ይጠየቃል፤ «የምርጫ ካርድህን አሳየንና ይህን ውሰድ» ስለተባለ ሰውም ይጠየቃል። ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠራ፣ የሚነግድ ወይም ቤት ያለው ሰው መልሱን አስቀድሞ ቢያውቅ ራሱን ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ዋናው ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። ከወጣ በኋላ ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ማሻሻያውንም ጭምር ይመልከቱ።

መዋጮ ግዴታ ነው?

አይደለም። ፓርቲ ገንዘብ የሚያገኝባቸው ሕጋዊ መንገዶች የአባላት መዋጮ፣ ኢትዮጵያውያን ዜጎችና ድርጅቶች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በሚወስነው መጠን የሚሰጡት ስጦታ እና መንግሥት የሚያደርገው ድጋፍ ናቸው። ከውጭ መንግሥት፣ ከውጭ ዜጋ፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ሰጪው ካልታወቀ ምንጭ መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ አባል ሆነው ቢከፍሉ ወይም ወደው ቢለግሱ መብትዎ ነው። ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ፓርቲውም የገቢ መዝገብ የመያዝና ሒሳቡን የማስመርመር ግዴታ አለበት።

አሁን የደመወዝ መክፈያ ቅጽዎን አውጥተው ይዩት። ከግብሩና ከጡረታው ቀጥሎ «መዋጮ» ወይም «ልዩ ልዩ» የሚል ዓምድ ካለና ምንነቱን ካላወቁት፣ ማን እንዳዘዘው በጽሑፍ ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፣ ከደመወዝ መቀነስ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ቢስማማም እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። «ስብሰባ ላይ ሁሉም አጨብጭቧል» የሚለው ምክንያት የእርስዎን ፊርማ አይተካም። በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ሠራተኛን ማበላለጥም ሆነ ማሰናበት በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ምርጫው ይለፍ» እያሉ ከቆዩ ገንዘቡን ሊያጡት ይችላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የሚገዛዎት የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ አቤቱታዎን በመሥሪያ ቤትዎ ቅሬታ ሰሚ ይጀምሩ።

ዘመድዎ ውጭ አገር ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት ወስዶ ከሆነ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ብዙ መብት ቢያስገኝም የመምረጥና የመመረጥ መብትን አይጨምርም። ስለዚህ ለፓርቲ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ቦርዱን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አሜሪካም ብትሆን ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ለምርጫዋ ገንዘብ እንዳይሰጥ ትከለክላለች።

ፖስተር፣ መኪናና ጀልባ

ግድግዳው የእርስዎ ከሆነ ፈቃዱም የእርስዎ ነው። ያለ ፈቃድዎ ከተለጠፈ ግን ራስዎ አይቅደዱት፤ የተወዳዳሪን ፖስተር መቅደድ ሕጉ ከሚከለክላቸው ድርጊቶች አንዱ ስለሆነ ባለመብት ሆነው ሳለ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ቀኑን ይጻፉ፣ ፓርቲው እንዲያነሳው ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ለምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ።

የመንግሥት ሀብትን ለአንድ ወገን ቅስቀሳ ማዋል ክልክል ነው። የመሥሪያ ቤት መኪና የፓርቲ ባንዲራ አንጠልጥሎ ከተማውን ቢዞር፣ ወይም በመንግሥት ነዳጅ የሚሄድ ሞተር ጀልባ በጣና ሐይቅ ላይ ቀስቃሾችን ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ቢያመላልስ፣ የሚቃጠለው ነዳጅ የግብር ከፋዩ ነው። የሰሌዳውን ወይም የጀልባውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቦ ማመልከት የማንኛውም ዜጋ መብት ነው።

ስጦታና ድምፅ

ድምፅ ለማግኘት ገንዘብ፣ ዘይት፣ ማዳበሪያ ወይም የሥራ ተስፋ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። ተቀባዩም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በሚስጥር እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ ማንን እንደመረጡ በፎቶ እንዲያሳዩ የሚያስገድድዎት አካል የለም።

ራዲዮ፣ ጋዜጣና ማኅበራዊ ሚዲያ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግዱ ያዛል። ይህ መቀመጫውን ባሕር ዳር ያደረገውን የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንንና የሚያሳትመውን በኵር ጋዜጣን ይመለከታል። ለተወዳዳሪዎች ነጻ የአየር ሰዓትና የጋዜጣ ዓምድ የሚመደበውም ቀስቅሶ ለመሰማት ሀብታም መሆን እንዳያስፈልግ ነው። ቅስቀሳ የሚቆመው ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ነበሩ።

በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የሚጽፉም ይጠንቀቁ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ያስከትላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ምንጩን ያላወቁትን ወሬ አያጋሩ።

ወዴት ልሂድ?

የምርጫ ጥፋት ከሆነ በምርጫ ጣቢያና በምርጫ ክልል ላሉት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴዎች፣ ከዚያ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ያመልክቱ። ወንጀል ከሆነ ወደ ፖሊስ፣ የደመወዝ ጉዳይ ከሆነ የሥራ ክርክር ወደሚያየው ችሎት ይሂዱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደል ከሆነ የእንባ ጠባቂ ተቋምና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቢሮ አላቸው።

በየትኛውም ደጃፍ የሚጠየቁት ማስረጃ ነው። ደረሰኙን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ ፎቶውንና የምስክሮችን ስም ዛሬውኑ ያስቀምጡ፤ ያመለከቱበትን ደብዳቤም ግልባጩን ማኅተም አስመትተው ይያዙ።