ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው? ከአንዲት አሮጌ ካርማን ጊያ የተማርኩት

መግቢያ

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በትክክል የገባኝ ግን ባለፈው ክረምት፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ዘይት ግንባሬ ላይ ጠብ ሲልብኝ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአንድ ሞተር ዘይት ማፍሰስ ምክንያቱ እንዴት እንደተገኘ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስህተት አቀርባለሁ። ስህተቱን የማልደብቀው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ስለሚባል ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። 1970 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች፣ ባለ 1600 ሞተር ካርማን ጊያ አለችው። በ1974 ዓ.ም. እሱና እትዬ የተሞሸሩት በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት ዘይት ማፍሰስ ጀመረች። የወሰዳት ጋራዥ ከሥር አየት አድርጎ «የቮላኖው ኮርቴኮ ሄዷል፤ ሞተሩ ይውረድ፤ ከወረደ አይቀር ደግሞ ፒስቶኑም ፋሻውም ይቀየር» አለው። የተጠየቀው ገንዘብ የአምስት ወር ጡረታው ነበር። ወዲያው አንድ ደላላ «እንዳለች ልውሰዳት» ብሎ በርካሽ ዋጋ መመላለስ ጀመረ። አጎቴም ሊሸጣት ወስኖ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ» አልኩት። «አንተ ልጅ፣ ሳምንቱን እሰጥሃለሁ፤ ግን እንዳትብስብኝ» አለኝ። ባሰችበት! እንዴት እንደሆነ ወደፊት እገልጻለሁ።

ስለ መኪናዋ ጥቂት

ካርማን ጊያ ከ1955 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር፣ ኦስናብሩክ በሚገኘው የካርማን ፋብሪካ የተሠራች መኪና ናት። የቅርጿ ንድፍ የመጣው ቱሪን ካለው የጊያ ድርጅት ነው። መልኳ የስፖርት መኪና ነው፤ ኮፈኗን ስትከፍቱት ግን የምታገኙት ሁላችንም የምናውቀውን የቮልስ ሞተር ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ሰፈራችሁ ላለችው ቮልስም ይሠራል።

ነገሩን ለመረዳት የሚከተሉትን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚገኘው ከኋላ ነው፤ ቮላኖው ደግሞ ወደ መኪናዋ ፊት ይመለከታል፣ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኘውም በዚያ በኩል ነው። ሲሊንደሮቹ አራት ሲሆኑ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሾፌር ሆነን ወደ ፊት ስንመለከት 1ኛውና 2ኛው በቀኝ፣ 3ኛውና 4ኛው በግራ ናቸው፤ 1ኛውና 3ኛው ለቮላኖው ይቀርባሉ። ሞተሩ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። ከላይ ያለው ቬንትሌተር አየሩን ወደ ታች፣ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መሀል ይነፋዋል። የዘይት ማቀዝቀዣው (ኦይል ኩለር) የተቀመጠው በዚሁ የአየር መንገድ ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ነው። በቆርቆሮ ስለተሸፈነ ከውጭ አይታይም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ሥራ አይባልም። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ከሥር ገባሁ። ሁሉም ቦታ ጥቁር ነው። የቫልቭ ክዳኖቹ ረጥበዋል፣ ከሥር ያለው የወንፊት ክዳን ረጥቧል፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ቦታ ያንጠባጥባል። «እንግዲህ ከቀላሉ ልጀምር» ብዬ የሁለቱን የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ቀየርኩ። ቀጥሎ የወንፊቱን ክዳን ስድስት ዳዶዎች አንድ በአንድ ጥርቅም አድርጌ አሰርኳቸው። አራተኛው ላይ ዳዶው መጠንከሩን ትቶ ለስለስ አለና ዝም ብሎ መዞር ጀመረ። ጥርሱ ተበልቷል!

የዚህ ሞተር ገላ ማግኒዥየም ቅይጥ ነው፣ ለስላሳ ነው። እነዚያ ዳዶዎች የሚፈልጉት 7 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ በአጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት የሚገኝ ኃይል ነው። እኔ ግን በሙሉ ክንዴ ነበር የጎተትኩት። በማግስቱ ጠዋት ከሞተሩ ሥር የነበረው የዘይት ኩሬ ከቀድሞው ሰፍቶ ተገኘ። አጎቴ አይቶ ምንም አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አፍሬ ወደ አንድ መምህራችን ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሞተሩን አጥበኸዋል?» አላጠብኩትም። «ታዲያ ያየኸው የዛሬውን ዘይት ነው ወይስ የዛሬ አምስት ዓመቱን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እጥበት፣ ዱቄትና ካርቶን

ከዚህ በኋላ የተከተልኩት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ካርቡሬተሩንና ዲስትሪቢዩተሩን በፌስታል ሸፍኜ፣ በብሩሽና በናፍጣ ከላይ እስከ ታች አጠብኩ፤ ቀጥሎ በሳሙናና በውሃ ለቀለቅኩ፣ አደረቅሁ። ቤንዚን ለእጥበት አይሆንም፤ እሳት ነው። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀ።

2ኛ. የዘይቱን ልክ አየሁ። ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል! ለካ አጎቴ «እንዳያልቅባት» እያለ በየጠዋቱ ይጨምርላት ኖሯል። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በፑሌጂያው በኩል ደግሞ እንደ ሌሎች ሞተሮች ኮርቴኮ የለውም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ፑሌጂያው ላይ የተቆረጠው ጠመዝማዛ መስመር ነው። ዘይቱ ሲበዛ ያ መስመር አይችለውም፣ ዘይቱ በፑሌጂያው በኩል ይወጣል። ስለዚህ ከኋላ በኩል ይታይ የነበረው እርጥበት የሞተሩ ሳይሆን የአጎቴ ፍቅር ውጤት ነበር። ዘይቱን ወደ ልኩ መለስኩት።

3ኛ. የሞተሩን መተንፈሻ አየሁ። ፒስቶን አልፎ የሚወርደው ጋዝ መውጫ ካጣ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ ይገፋዋል። ከዘይት መሙያው የሚወርደው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ፣ ቅቤ በሚመስል ነገር ተደፍኖ ነበር። ይህ የሚሆነው ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ ሲሄድ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ነው። አጸዳሁት።

4ኛ. የወንፊቱን የተበላ ጥርስ በኮሌጃችን ወርክሾፕ በመምህሩ እርዳታ አስተካከልነው፤ ቀዳዳውን አስፍተን አዲስ ጥርስ አወጣንለት። የመዳብ ሮንዴላዎቹንም ቀየርኩ።

5ኛ. በደረቀው ሞተር ላይ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስኩ። ነጭ ዱቄት ላይ አዲስ ዘይት እንደ ቀለም ይታያል። ከሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቼ የሞተሩን አራት ማዕዘን በእርሳስ ሣልኩበት፤ ጠብታው የትኛው ክፍል ሥር እንደወደቀ ለማወቅ ይረዳል።

ሞተሩን አስነስቼ በሚኒሞ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ። ካርቶኑ ላይ አንድም ጠብታ የለም። ደስታዬ ግን አልቆየም። መምህሩ «መንገድ ላይ ንዳት፤ ቆማ የማታመው መኪና ስትሮጥ ታማለች» ብለውኝ ስለነበር ግማሽ ሰዓት ነዳናት። የሞተሩ ዙር ሲጨምር የዘይት ግፊቱም ይጨምራል፤ ቆሞ የማይታይ ቀዳዳ ያን ጊዜ ይከፈታል። እንደተመለስን ያ ጋራዡ ያመለከተው ቦታ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት፣ ጠብ ጠብ ይላል። «በቃ፣ ልክ ነበሩ» ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

ዱቄቱ የተናገረው

ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳየው ግን አንድ ነገር አልገጠመኝም አለ። ከቮላኖው ኮርቴኮ የሚወጣ ዘይት ከካምፓናው ውስጥ ወደ ታች ወርዶ በመሃል መንጠባጠብ ነበረበት። እዚህ ግን መስመሩ ከግራ በኩል ነው የሚመጣው። መስመሩን ወደ ላይ ተከተልኩት። ከ3ኛው ሲሊንደር ሥር ያሉት የግፊት ዘንግ ቱቦዎች ረጥበዋል። «እንግዲያው የቱቦዎቹ ጎማ ነው» አልኩ። አሁንም ችኩል ጅብ! ምክንያቱም ቱቦዎቹ ላይ ያለው ዱቄት የረጠበው ጫፍና ጫፋቸው ላይ ሳይሆን ጀርባቸው ላይ ነው። ማለትም ዘይቱ ከቱቦው አልወጣም፤ ከላይ ነው የወደቀበት። ከቱቦዎቹ በላይ የ3ኛው ሲሊንደር ክንፎች አሉ፤ እነሱም ረጥበዋል። ከክንፎቹ በላይስ ምን አለ? ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ፦ ኦይል ኩለሩ።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመ። ኩለሩ ሥር ዘይት ሲያመልጥ የቬንትሌተሩ አየር ወደ ታች ይነፋዋል፤ ሲሊንደሩን አርጥቦ፣ ቱቦዎቹን አርጥቦ፣ በሞተሩ ገላ ላይ ወርዶ፣ ቅርብ ወደሆነው የካምቢዮ መጋጠሚያ ይሄዳል። ከሥር ለሚያይ ሰው የቮላኖ ኮርቴኮ ይመስለዋል። አጎቴ ማሞቂያውን ሲከፍት የተቃጠለ ዘይት ይሸተው የነበረውም ለዚህ ነው፤ ማሞቂያው የሚወስደው ከዚሁ አየር ነው። ይህ ሽታ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚወርድ ዘይት እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

አንድ ማጣሪያ ቀረኝ። ዘይቱን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። የካምቢዮ ዘይት ቢሆን ኖሮ እንደ ድኝ ይሸት ነበር፣ ወፍራምም ነው። ይህ ግን ቀጭን የሞተር ዘይት ነው። ፍሪሲዮኑም አይንሸራተትም፤ ኮርቴኮው ለረጅም ጊዜ አፍስሶ ቢሆን ዲስኩን ባበላሸው ነበር።

ሞተሩ ሲወርድ

ኩለሩን ለማግኘት የቬንትሌተሩ ቆርቆሮ መነሳት ስላለበትና የካርማን ጊያዋ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ሞተሩን ማውረድ መረጥን። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚይዙት አራት ማሰሪያዎች ብቻ ናቸው። ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር፣ ባትሪውን ነቅለን፣ የቤንዚን ቱቦውን ደፍነን፣ ከሰዓት በፊት አወረድነው።

መጀመሪያ ያየነው የተከሰሰውን ቮላኖ ነው። ከኋላው ደረቅ! የክራንክሻፍቱን የፊትና የኋላ እንቅስቃሴ በዳያል ኢንዲኬተር ለካነው፤ 0.10 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሚፈቀደው ከ0.07 እስከ 0.13 ስለሆነ ጤነኛ ነው። ይህ ልክ ቢያልፍ ኖሮ አዲስ ኮርቴኮ ብንገጥምም አይቆይም ነበር።

ቀጥሎ ኩለሩን ከፈትን። ኩለሩ ከሞተሩ ገላ ጋር የሚታሰረው በሦስት ዳዶዎች ነው፤ አንደኛው በእጅ የሚፈታ ሆኖ አገኘነው። ከሥሩ ያሉት ሁለት የጎማ ማሸጊያዎች ደግሞ እንደ ፕላስቲክ ደርቀው ተጨፍልቀዋል፤ በጥፍሬ ስጫናቸው ተሰነጠቁ። ኩለሩ ራሱ ተቀዶ እንደሆነ ለማረጋገጥ አንዱን ቀዳዳ ደፍነን በሌላው አየር ሞላንበትና ውሃ ውስጥ ነከርነው። አረፋ አልወጣም። ስለዚህ በሽታው ሁለት ጎማና አንድ የላላ ዳዶ ነበር።

ማሸጊያዎቹን ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የእነዚህ ጎማዎች ዓይነት እንደ ሞተሩ ዕድሜ ይለያያል፤ የዘይት ቀዳዳው ስፋት አንድ አይደለም። አሮጌውን ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። «ይገባል፣ ውሰደው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሁሉ አትመኑ። ዋጋቸው ከአንድ ኪሎ ቡና ያነሰ ነበር።

ሞተሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ እንደገና አጠብን፣ ዱቄት ነሰነስን፣ ካርቶን ዘረጋን። በሳምንት ውስጥ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ተነዳች። የግራው የቫልቭ ክዳን ጠርዝ ላይ ትንሽ ላብ ታየ፤ ካርቶኑ ላይ ግን ጠብታ አልነበረም። ላቡን ተውኩት። ዕድሜዋን ላየ ሰው ያ ነውር አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ባጭሩ ይህ ነው። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ አየርም ይነዳዋል። ስለዚህ ከቁልፍ በፊት ብሩሽ፣ ከመፍታት በፊት ማየት፣ ሁልጊዜም የረጠበውን ቦታ ሳይሆን ከረጠበው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ መፈለግ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብሎ መደምደምም አደገኛ ነው። እኛ አራት አግኝተናል፦ የኩለሩ ማሸጊያ፣ የተደፈነው መተንፈሻ፣ የበዛው ዘይትና እኔ ራሴ ያበላሸሁት ዳዶ።

ጋራዡን ለመውቀስ አልጽፍም። እኔም ያለ እጥበት ብፈርድ ኖሮ ያንኑ እል ነበር፤ እንዲያውም ከዚያ የባሰ ሠርቻለሁ። ነገር ግን ነገ ተመርቀን ስንወጣ «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው ቃል ከአፋችን ሲወጣ፣ በአንድ ጡረተኛ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ብናስብ መልካም ነው።

ደላላው ባለፈው ወር ተመልሶ መጥቶ ነበር። አጎቴ በሩን ከፍቶ ደረቁን ሲሚንቶ አሳየውና «የሚፈሰው አልቋል» ብሎ አሰናበተው። አሁንም ግን በየጠዋቱ የዘይት መለኪያዋን መዝዞ ያያል። እንዳይጨምር ብቻ አስምየዋለሁ።