በተጎታች ቤት ወለል ሥር ስለሚጠራቀም ውኃ

በአሜሪካ አገር በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ አነስተኛ ቤት አለ፤ አንዳንዱም ቤተሰብ ዓመቱን በሙሉ ይኖርበታል። የውኃው ቧንቧና የእጣቢው ማጠራቀሚያ በብዙዎቹ ከወለሉ ሥር ተዘርግተው ከታች በፕላስቲክ ይሸፈናሉ። ይህ ሽፋን የመንገዱን ጭቃና ብርዱን ቢከላከልም፤ ከላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ አቁሮ ይይዛል። ጥጥ መሰሉ የብርድ መከላከያ ውኃውን ይመጥጣል፤ ወለሉ ይበሰብሳል፤ ሻጋታም ይበቅላል። ሻጋታ አስም ላለበት ሕፃን ጠላት ነው።

ብዙ ሰዎች ሽፋኑ ሲያንጠባጥብ አይተው ቀዳዳውን በማስቲሽ ይደፍናሉ። ይህም ቁስልን ሳያጥቡ እንደ ማሰር ነው፤ ውኃው የሚወጣበትና የሚመነጭበት ስፍራ አንድ አይደለምና። አስቀድሞ መክፈቻዎቹን ሁሉ ዘግቶ ፓምፑን ማስነሣት ይገባል። ፓምፑ ጸጥ ካለ በኋላ ማንም ውኃ ሳይቀዳ ደግሞ ቢነሣ፤ ብዙውን ጊዜ ከንጹሕ ውኃው መስመር አንድ መጋጠሚያ ያፈሳል ማለት ነው። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጣራው ይመርመር። የሚሸት ከሆነ ግን ከመጸዳጃው ሊሆን ስለሚችል፤ ያለ ጓንት አይነካም።

ምንጩ ከተጠገነ በኋላ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ ሽፋኑ ይፈታ፤ የራሰው ጥጥ ይጣል፤ ወለሉም በነፋስ ይድረቅ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የደረቀ ነገር ብዙውን ጊዜ ሻጋታ አይዘውም። ሽፋኑ የሚመለሰው ፈጽሞ ከደረቀ ወዲያ ነው።

ውኃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚሰፋ ቧንቧን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውርጩ ሳይገባ ከቧንቧው፤ ከፓምፑና ከማሞቂያው ተሟጦ ይፍሰስ። ማሞቂያው ግን ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም።