ተማሪ ስለ ምን ወደ ጫት ይሄዳል?

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ልጅ ከአባቱ ቤት ተሰናብቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሄድበት ቀን በልቡ ያለው ትምህርት ነው እንጂ ጫት አይደለም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላ በዚህ ልማድ ተይዘው የሚገኙ ብዙዎች ናቸው። የሚገሥጻቸው ሰው አይታጣም፤ ምክንያቱን የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። የበሽታውን ምክንያት ያላወቀ መድኃኒቱን አያገኝምና አስቀድመን ምክንያቱን እንመርምር።

1ኛ፤ የፈተና ፍርሃት ነው። ተማሪው ጊዜውን ሳያደላድል ወራቱ ያልፋል፤ ፈተናም በደረሰ ጊዜ የብዙ ሳምንት ትምህርት በጥቂት ሌሊት ሊጨርስ ይጨነቃል። ያን ጊዜ ባልንጀራው «ይህን ቅመህ አንብብ፤ እንቅልፍ አይነካህም» ይለዋል። ነገሩም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ሐሰትስ ቢሆን ማንም ባልተታለለ ነበር። በእርጥቡ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ እርሱም በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታወቀ። ሥራው አምፌታሚን የተባለውን መድኃኒት ይመስላል፤ እንቅልፍንና ረኃብን ያባርራል፤ የልብንም ምት ያፈጥናል።

2ኛ፤ ብቸኝነት ነው። የጎንደር ልጅ ወደ ጅማ፣ የወላይታ ልጅ ወደ ሐረማያ ይመደባል፤ በዚያም ዘመድ የለውም። በበርጫ ግን ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ በስሙም ይጠሩታል። እንግዲህ ይህ ልጅ የገባው ባልንጀራ ፈልጎ ነው፤ ጫቱ ግን ከባልንጀራው ጋር ተያይዞ መጣ።

3ኛ፤ ቅርበቱ ነው። ቅጠሉ በአደባባይ ይሸጣል፤ ከግቢው በር ብዙ ሳይርቅም ይገኛል። በእጅ አጠገብ ያለውን ነገር እንቢ ማለት ሩቁን ከመተው ይልቅ ይከብዳል።

4ኛ፤ አንዱ ሌላውን መጥራቱ ነው። ምርቃናው ሲያልፍ ድብርት ይከተላል፤ እንቅልፍም እንቢ ይላል። ስለዚህ ጨብሲ ብሎ ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፤ ሲጋራና ሺሻም ይጨምራል። በማግሥቱ ደክሞ ይነሣል፤ ድካሙንም ለማራቅ እንደ ገና ይቅማል። በፊት ለማንበብ ይቅም የነበረው፣ አሁን ካልቃመ መጽሐፍ መግለጥ አይችልም።

አንባቢ ሆይ፤ ኪሳራውን አስተውል። ያነበብነው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ እንግዲህ እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ያነበበውንም አብሮ ሸጠ። የከፈለበትም ገንዘብ ምናልባት እናቱ በጉልት ሽንኩርት ሸጣ የላከችው ነው።

ተማሪ ብትሆን፣ ትምህርትህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረህ በየቀኑ ከፋፍለህ አንብብ፤ ሌሊቱንም ለዕረፍት ተወው። ሥጋህ ከእግዚአብሔር የተቀበልኸው አደራ ነውና። ከበርጫ ውጭ የሚያነብና የሚጫወት ማኅበር ፈልግ፤ ባታገኝ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ። ወላጅ ብትሆን፣ ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያድርና ከማን ጋር እንደሚውልም ልጅህን ጠይቀው፤ የሚፈራህ ልጅ ችግሩን ይሰውርሃልና። መምህር ብትሆን፣ አዲስ የመጣውን ተማሪ በስሙ ጥራው፤ በርጫ ሳይቀድምህ።

በልማዱ የተያዝህ ሆይ፤ ተስፋ አትቁረጥ። በተውኸው ሰሞን ድካም፣ ድብርትና ክፉ ሕልም ቢመጣብህ ያለ ጫት መኖር አልችልም አትበል፤ ይህ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል። ድብርቱ ቢበረታ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ብትሰማ፣ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ሂድ። ዛሬ ማታ ግን ይህን ለሚወድህ ለአንድ ሰው ንገር፤ በስውር የታሰረ ሰው ብቻውን ሊፈታ እጅግ ይቸገራልና።