ግብር አውጪና ግብር ከፋይ
ግብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ሕዝብ ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ ሁለተኛው ጌታ ለተከታዩ የሚያበላው ድግስ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከገበሬው ጎተራ የወጣው ግብር በጌታው አዳራሽ ግብር ሆኖ ይበላ ነበር፤ የበላውም ሰው ለጌታው አዳሪ ይሆን ነበር። ስለዚህ የሀብታም ስጦታና የሥልጣን ዝምድና ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለም። እዚህ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የግብር ሕግ የሚያወጣው ሰው ራሱ ስንት ይከፍላል?

ጥያቄውን ከበርበሬ በረንዳ እንጀምር። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ አዛወሩት፤ መርካቶ የሚለውም ስም የነርሱ ቅርስ ነው። በበርበሬ በረንዳ የነጋዴው ሀብት የተሰወረ አይደለም። ጆንያው በበሩ ላይ ተደርድሯል፤ ዕቃው ራሱ አላፊውን እያስነጠሰ መኖሩን ይናገራል። መዝገብ የማይዘው ትንሽ ነጋዴም ለብዙ ዘመን በግምት ሲከፍል ኖሯል። በዘውዱ ዘመን ግን ያ በርበሬ የበቀለበትን መሬት ባለቤት በረንዳው ላይ ማንም አያየውም ነበር። ጆንያውን ወደ ማሳው እንከተለው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር ግብርና 35 ብር አሥራት፣ በጠቅላላው 50 ብር ወሰነ። ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ነበር። እስቲ ለምሳሌ እንቁጠር። በአንድ ጋሻ ለም መሬት ላይ ያሉ ጭሰኞች 90 ኩንታል አግኝተው ባለመሬቱ ሢሶውን፣ ማለት 30 ኩንታል ወሰደ እንበል። ኩንታሉ በ20 ብር ቢሸጥ 600 ብር ይሆናል። ኋላ የተጨመሩትን የትምህርትና የጤና ግብሮች ሳንቆጥር፣ 50 ብር ከፍሎ 550 ብር ይተርፈዋል። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው አሥራቱን በጭሰኛው ላይ ከጣለ ደግሞ ከራሱ የሚወጣው 15 ብር ብቻ ነው። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 173 ደመወዝተኛውንና ነጋዴውን ሲይዝ፣ የእርሻ ገቢ ግን ከገቢ ግብር ውጭ ቆየ።

ምክንያቱን ለማወቅ በምክር ቤት የተቀመጠውን ሰው ማየት ይበቃል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ሀብት እንዲኖረው ያዝ ነበር። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ስለዚህ ለምርጫው ገንዘብ የሚያወጣውና ሕግ የሚያወጣው አንድ ሰው ነበር።

ውጤቱ እነሆ። ርስተ ጉልት የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 የወጣው በኅዳር 1960 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ብዙ ክርክር ካለፈበት በኋላ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ውል የሚወስነው ሕግ ግን፣ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ ቢሰለፉም፣ አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ።

ነገሩን በአንድ ወገን ብቻ እንዳናየው፣ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ ግብር ምክንያት የተነሡት የጎጃም ገበሬዎች እንጂ ታላላቅ ባለርስቶች ብቻ እንዳልነበሩ እናስታውስ። መሬታችን ይለካል፣ ርስታችን ይነካል ብለው ሠጉ። ገማቹን የማያምን ሕዝብ ትክክለኛውንም ግብር አይቀበልም።

መሬት በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ያ ባለመሬት የለም፤ ጥያቄው ግን አለ። በ2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው በልዩ ልዩ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሰውን ያስቆጣው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ «እኔን የገመተኝን ማን ገመተው?» የሚለው ጥርጣሬም ነበር። እርግጥ ፓርቲ ከውጭ አገር ሰውና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ተከልክሏል። አዋጅ ቁጥር 668/2002ም ተሿሚና ተመራጭ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ አዝዟል። መልካም ነው። ነገር ግን ሀብትን ማስመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ከሀብቱ ላይ ስንት ግብር እንደተከፈለ ለሕዝብ መግለጥ ሌላ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለ1970 እ.ኤ.አ. የከፈለው የገቢ ግብር 800 ዶላር እንኳ እንደማይሞላ የታወቀው ወረቀቱ ወደ አደባባይ ስለ ወጣ ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። ሕግ አውጪውና ለፓርቲ ብዙ የሚሰጠው ሀብታም የከፈሉት ግብር፣ በበርበሬ በረንዳ እንዳለው ጆንያ፣ በበር ላይ ይታይ። ያን ጊዜ ነጋዴዋ ደረሰኟን በቅሬታ ሳይሆን በመተማመን ትቀበላለች።

ለውይይት፦
1ኛ/ የእርሻ ገቢ ግብር ከነጋዴው ግብር ይህን ያህል ዓመት የዘገየው ለምንድን ነው?
2ኛ/ ለፓርቲ የተሰጠ ገንዘብ ከግብር ላይ ሊቀነስ ይገባልን?
3ኛ/ ግምትን የሚታመን የሚያደርገው ምንድን ነው?