ቁጥሩን ጻፍ

ልጄ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲቲ ስካን ላይ መመደብህን ሰማሁ። ዕድሜዬን በራጅ ክፍል ስለጨረስኩ ትንሽ ልምከርህ።

1. ማሽኑ አንስቶ ሲጨርስ ከምስሎቹ ጋር የጨረሩን መጠን የያዘ አንድ ገጽ ይሰጥሃል፤ ሲቲዲአይ በሚሊግሬይ፣ ዲኤልፒ በሚሊግሬይ ሴንቲሜትር። ሳትመዘግበው ቀጣዩን ታካሚ አታስገባ። እኔ ስንት ዓመት ዘግቼው አለፍኩ! ቀን፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የተነሳው አካል፣ ሁለቱ ቁጥሮች፤ ተራ ደብተር ይበቃል።

2. የአንድ ሰው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርህም። የሃያ ሠላሳ አዋቂ የጭንቅላት ስካን ሲጠራቀም መካከለኛውን ፈልግ። በአውሮፓ ለአዋቂ ጭንቅላት የሚነጻጸርበት ልክ 60 ሚሊግሬይ አካባቢ ነው። ያንተ 90 ከወጣ ፕሮቶኮሉን ጠርጥር። 60 ግን ማነጻጸሪያ እንጂ ገደብ አይደለም። ለእኛ ለሠራተኞች በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ተቆርጦልናል፤ ለታካሚ የተቆረጠ የለም። በባጃጅ አደጋ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈሰውን ሰው «ጨረርህ ሞልቷል» ብለህ አትመልሰውማ።

3. ጨረር ሲበዛ ምስሉ ይጠራል፤ ሐኪሙም ያመሰግንሃል። የሚያሳስተው ይህ ነው። በፈረንጆች 2009 በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል፣ ስትሮክ የተጠረጠረባቸው ከ200 በላይ ሰዎች ከሚገባው ስምንት እጥፍ ገደማ ጨረር እንደወሰዱ ታወቀ። ስህተቱ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይቷል፤ የተነቃበትም የአንድ ታካሚ ጸጉር ሲረግፍ ነው። መጠኑ ግን በየቀኑ እስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር።

4. የሕፃን ሆድ ስታነሳ ገጹ ላይ 32 የሚል ካየህ፣ ቁጥሩ የተሰላው 32 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ፕላስቲክ መለኪያ ነው። የልጁ ሰውነት የሚወስደው የዚያ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለልጅ የልጅ ፕሮቶኮል ተጠቀም።

5. ሴትን «እርጉዝ ነሽ?» ብለህ ከአማቷ ፊት አትጠይቅ። እውነቱን አትነግርህም።

6. ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ የመጣ ሰው የቀድሞ ፊልሙን በፌስታል አንጠልጥሎ ታየዋለህ። አልጋው ላይ ሳታስተኛው «ከዚህ በፊት ተነስተዋል?» በለው። ሆድ አንድ ጊዜ መነሳት 8 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ከተፈጥሮ በዓመት የምንወስደው በዓለም አማካይ 2 ወይም 3 ገደማ ነው። ፌስታሉ ቤት ቀርቶ ከሆነና ጉዳዩ የሚያጣድፍ ካልሆነ፣ ሐኪሙን አማክረህ የታካሚው ልጅ ሄዶ እስኪያመጣው ጠብቅ።