ለዘር በተመረጠ ቆሮሶ ውስጥ ያለውን የዘር ስብጥር ስለ መመርመር

ዓሣ አርቢዎች ከኩሬያቸው ትልልቁን ቆሮሶ እየለዩ ለዘር ማስቀመጣቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ኩሬ ውስጥ ቀድመው ያደጉት ዓሦች የአንድ እናትና አባት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ በልጆቻቸው ላይ የዘር መቀራረቡ 25 በመቶ ይደርሳል። ከዚህም የጫጩት ሞት፣ የዕድገት መዘግየትና የአካል ጉድለት ሊከተል ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ግን ከመኖ ማነስና ከውኃ መበላሸትም ስለሚመጡ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው ከመዝገብ ነው። አንድ አርቢ 5 ተባዕትና 50 እንስት አስቀምጧል እንበል። የተባዕቱን ቁጥር በእንስቱ፣ ውጤቱንም በ4 አባዝቶ ለጠቅላላው ለ55 ሲያካፍል 18 ያህል ያገኛል። ይህም ማለት 55ቱ ዓሦች ለዘር ስብጥር የሚያገለግሉት እንደ 18 ብቻ ነው፤ በየትውልዱም የዘር መቀራረቡ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በአንጻሩ 25 ተባዕትና 25 እንስት ቢያስቀምጥ ስሌቱ 50 ይሆናል፤ ጭማሪውም ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። በቁጥር ያነሱት ዓሦች የተሻለ ውጤት ሰጡ ማለት ነው። ብዙ አርቢዎች ተባዕት ማብዛትን እንደ ብክነት ይቆጥሩታል፤ ስሌቱ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

በተግባር ቁጥሩ ከዚህም ያንሳል። በኩሬ ውስጥ ጉልበተኛው ተባዕት ሌሎቹን ከጎጆው እያባረረ አብዛኛውን እንቁላል ብቻውን ያዳብራል። እንስቷ እንቁላሏን በአፏ ስለምትይዝ የእያንዳንዷን ጫጩቶች ለብቻ በመረብ አሳድጎ መመዝገብ ይቻላል። ለዘር ሲመረጥም ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ከመውሰድ ይልቅ ከየቤተሰቡ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል።

መዝገብ ከሌለ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከ30 እስከ 50 ከሚደርሱ ዓሦች የክንፍ ጫፍ ተቆርጦ በየብልቃጡ በ95 በመቶ አልኮል ይቀመጣል፤ መቀሱም ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲታለፍ ይጸዳል። ትልልቆቹን ብቻ መርጦ መላክ ውጤቱን ያዛባል። ላቦራቶሪው ሁለት ነገር ይለካል፤ አንደኛው በኩሬው ዓሦች ውስጥ ያሉት የውርስ ዓይነቶች ብዛት፣ ሁለተኛው ከእናትና ከአባት የተለያየ ዓይነት የወረሱት ዓሦች ድርሻ ነው። ወላጆች ሲያንሱ ብርቅ የሆኑት ዓይነቶች ቶሎ ይጠፋሉ፤ ሁለተኛው ልክ ግን የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ሪፖርት ችግሩን ሊሸፍን ስለሚችል የመጀመሪያውንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውጤቱ ከመነሻው ዘር ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊሊፒንስ ሥራው የተጀመረው ጊፍት የተባለው ዘር የተገኘው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የመጡ የዱር ቆሮሶዎች በእስያ ሲረቡ ከነበሩ አራት ዘሮች ጋር ተዳቅለው ነው። በአገራችን የዱሩ ቆሮሶ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች ስለሚገኝ የማነጻጸሪያው ናሙና ሩቅ አይደለም። የኩሬው ዘር ጠቦ ከተገኘ ዝምድና የሌላቸው ተባዕት ከሌላ አርቢ ወይም ከሐይቅ ይመጣሉ። የኩሬው ዓሣ ግን አምልጦ ወደ ሐይቅ እንዳይገባ መውጫው ቦይ በወንፊት ይዘጋል።